ሁሉም ገብቷል ወይ?

ለምወድዎና ለማከብርዎ ለአባባ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጤናዎ እንዴት ነው? «ማጠፊያው ዘይት አጣ» እያሉ የሚቀልዱበት ቀኝ ጉልበትዎስ በዚህ ብርድ እንዴት አደረገዎት? መሰላል ላይ መውጣቱን ለልጆቹ ይተዉላቸው ብዬ የለመንኩዎትን ሰሙኝ ወይስ እንደ ልማድዎ «እሺ» ብለውኝ ወጡ? እማዬስ ዓይኗ ተሻላት? ሐኪሙ ያዘዘላትን መነጽር ታደርገዋለች ወይስ አሁንም «እንዳይሰበር ነው» እያለች መሳቢያ ውስጥ አስተኝታዋለች? የሥራ ቤትዎ ጣራ ማፍሰሱን ተወ? ያ በጥላ እንዲደርቅ ያጋደሙት ጣውላ ሳይጣመም ደረቀልዎ? እኔ «ዳኛዬ» የሚሉኝ ልጅዎ በአካል ደኅና ነኝ፤ የቀረውን እያነበቡ ይደርሱበታል።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝን ጉዳይ ሳልሸሽግ ላስቀድም። ሰሞኑን እትዬ ደውላልኝ ነበር። ድምጿ ከወትሮው ከበድ ስላለብኝ ምን ደረሰባችሁ ብዬ ደነገጥኩ። የነገረችኝ ግን የበሩን ነገር ነው። እርስዎ እኔ ከሄድኩ ወዲህ ማታ ማታ በሩን ገፋ አድርገው ይዘጉታል እንጂ አይቀረቅሩትም አለችኝ። እማዬ በዚህ የተነሣ ኮሽ ባለ ቁጥር ትነቃለች። አንድ ጠዋት የጎረቤት ፍየል ሳሎን ገብታ የመጋረጃውን ጫፍ ስታኝክ ተገኘች፤ ወንድሜም «አባባ፣ ሌባ ቢሆንስ ኖሮ?» ቢልዎ «ሌባ መጋረጃ አያኝክም» ብለው መለሱለት። ይህን ስሰማ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እትዬ ግን አልሳቀችም። «እኛ ብንላቸው ብንላቸው ድንጋይ ላይ ውኃ ማፍሰስ ሆነብን። እንግዲህ አንቺው ፍረጂባቸው፤ ያንቺን ፍርድ ይሰማሉ» አለችኝ። በስልክ ብጀምረው በቀልድ እንደሚያመልጡኝ ስለማውቅ በጽሑፍ አደረግኩት። ፍርዱን ከመናገሬ በፊት ግን በምን መንገድ እንደደረስኩበት ልንገርዎ። መንገዱ በሥራዬ በኩል ስለሚያልፍ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው «ልጅዎ ደመና ትተክላለች አሉ፤ እስቲ ለጓሮዬ ጎመን ትንሽ ካፊያ ላኪልኝ ይበሉልኝ» ማለታቸውን ሰምቻለሁ። ካፊያው እንደማይመጣ በአክብሮት ይንገሩልኝ። ደመና የሚባለው የሰው ጽሑፍና መዝገብ ሩቅ ቦታ በተቀመጡ ትልልቅ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ተከማችቶ፣ ሲፈለግ ከየትም ሆኖ የሚወጣበት ዘዴ ነው። ብዙው ሰው ይህን ማከማቻ ከሌላ ድርጅት ይከራየዋል። እኔ የምሠራበት ድርጅት ግን በየከተማው ጤና ጣቢያዎች ስላሉት፣ የበሽተኞቹን ምሥጢር በሰው ጎተራ ማስቀመጥ አልወደደም። ስለዚህ በየጤና ጣቢያው የራሱን ማሽን አቁሞ፣ ማሽኖቹን እርስ በርስ አገናኝቶ፣ የግሉን ደመና ይሠራል። እኔም የተቀጠርኩት በእነዚህ ማሽኖች ላይ ሶፍትዌሩን እንድጭንና እንዳስተካክል ነው።

መጀመሪያ ላይ ይህን ሁሉ በእጃችን ነበር የምንሠራው። ከአንዱ ጤና ጣቢያ ወደ ሌላው በአውቶቡስ እየዞርኩ፣ በየደረስኩበት ተቀምጬ ለማሽኑ ትእዛዙን አንድ በአንድ እጽፍለት ነበር። እጅ ግን ይረሳል። አንዱ ጋ ሰዓቱ ሳይስተካከል ይቀራል፤ ሌላው ጋ መዘጋት የነበረበት አንድ መግቢያ ሳይዘጋ ይታለፋል። እርስዎ መስኮት ሲሠሩ እያንዳንዱን እንጨት እንደ አዲስ አይለኩም፤ ልኩን አንድ ጊዜ ተጠንቅቀው ያወጡበት ጣውላ አለዎት፤ ሌላው ሁሉ በእሱ ላይ እየተጋደመ ይቆረጣል። ስክሪፕት የምንለውም እንዲህ ያለው ጣውላ ነው። ትእዛዛቱን ሁሉ በቅደም ተከተል አንድ ጊዜ እጽፋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ማሽኑ ራሱ እያነበበ ራሱን ያሰናዳል። ቀናት ይፈጅ የነበረው ሥራ አሁን ምሳ በልቼ እስክመለስ ያልቃል።

በዚህ ኮርቼ ነበር፤ መኩራቴንም አልክድም። ያልገመትኩት ነገር ቢኖር አውቶቡሱ ሲቀር ሰዎቹም አብረው እንደሚቀሩብኝ ነው። አንዱ ጤና ጣቢያ ጋ የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ወንበሯን ከፍላ ታስቀምጠኝ ነበር። ሌላው ጋ ዘበኛው «የኮምፒዩተሯ ሐኪም መጣች፤ በሽተኛው አልሞተም ወይ?» እያለ ይቀበለኝ ነበር። አሁን ሁሉም ከዚህ ሆኜ ስለሚሠራ ወደ ማንም አልሄድም።

የምውለው በዋናው መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነው። ክፍሉ መስኮት የለውም። ማሽኖቹ ሙቀት ስለማይወዱ ቀኑን ሙሉ ብርድ ይነፋል፤ እማዬ የሠራችልኝን ሹራብ ለብሼ ነው የምቀመጠው። ድምፃቸው እንደ ሩቅ ወፍጮ ያለ ዕረፍት ያጉረመርማል። ፎቅ ላይ ያሉት የሥራ ባልደረቦቼ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ነገር ግን ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ስለሚደፉ ሰላምታዬን የሚያውቁት ከከንፈሬ ነው። ማታ የምገባበት ክፍል አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና የመጻሕፍቴ ካርቶን አለው። ከግድግዳው ወዲያ ያለውን ጎረቤቴን በሳሉ አውቀዋለሁ፤ መንገድ ላይ ባገኘው ግን አልለየውም።

ስክሪፕቱ አንድ ደረጃ በጨረሰ ቁጥር «ተጠናቋል» የሚል ቃል ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ቃሉን የጻፍኩት እኔው ነኝ። አንድ ቀን ታዲያ ለዚያ ቃል ጮክ ብዬ «ተመስገን፤ በርታ!» አልኩት። የጽዳት ሠራተኛዋ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል። «ማንን ነው እንዲህ የምታበረቺው?» አለችኝ። «ማንንም» አልኳት። መልሴ እውነት ስለነበረ የበለጠ አፈርኩ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ስክሪፕቱ ሶፍትዌሩን ከመጫኑ በፊት በማሽኑ ዲስክ ላይ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ያጠፋል፤ አሮጌ ቀለም ሳይፋቅ አዲስ እንደማይቀባ ማለት ነው። እኔም ልክ ከዚያ መጥረግ በፊት አንድ ጥያቄ አስቀምጬ ነበር። ስክሪፕቱ ይቆምና እዚያ ጤና ጣቢያ ያለውን ሰው «ልቀጥል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሰውየው «አዎ» ብሎ ካልጻፈለት ንቅንቅ አይልም። ይህን ከማን እንደተማርኩት ሳይገባዎት አይቀርም። እርስዎ ማታ መቀርቀሪያውን ይዘው «ሁሉም ገብቷል ወይ?» ይሉ ነበር። ሁላችንም ፊትዎ ተደርድረን ተቀምጠናል፤ ያዩናል። ሆኖም አንዳችን «ገብቷል!» ካላልንዎ በሩ አይቀረቀርም። ወንድሜ እርስዎን ለማስቆም ሲል አፉን በሁለት እጁ ይይዝ ነበር፤ እትዬም በክርኗ ጎኑን ትለው ነበር። እኔ ደግሞ ከልጅነቴም ነገር አላሳልፍምና «አባባ፣ እያዩን ለምን ይጠይቁናል?» ብዬ ሞገትኩዎት። እርስዎም ሳይቆጡ «ዓይን ይሳሳታል፤ የጠሩት ሰው ራሱ ሲመልስ ግን ይታመናል» አሉኝ። «ዳኛ ብዬ ያወጣሁልሽ ስም ጸደቀ» ብለው የሳቁትም ያን ዕለት ነው።

በየጤና ጣቢያው ያሉት ሰዎች ጥያቄው ሲመጣባቸው ይጨነቁና ይደውሉልኝ ነበር። ከሁሉም አብልጠው የሚደውሉት በሩቁ ጤና ጣቢያ ያሉት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው። ንግግራቸውን ሁሉ «ቆይ» ብለው ስለሚጀምሩ አገሩ ሁሉ ጋሼ ቆይ ነው የሚላቸው። ለሙከራ የላክንላቸው ማሽኖች ብዙ ስለነበሩ ጥያቄው ደጋግሞ ይገጥማቸው ነበር። «ቆይ ቆይ ልጄ፣ ይህ ማሽንሽ ልቀጥል ወይ ይለኛል። ምን ልበለው? እኔ በሰው ቤት ጉዳይ አልገባም» ይላሉ። «ይቀጥል ይበሉት» እላለሁ። «ቆይ፣ አንቺስ ምሳ በልተሻል? ድምፅሽ ከባዶ ሆድ ነው የሚመጣው» ይሉኛል። ከዚያ ሚስታቸው ሲጋራቸውን የት እንደደበቁባቸው፣ እሳቸውም መደበቂያውን እያወቁ እንዳላወቀ ሰው ቤቱን ሲያምሱ እንደሚውሉ ያወጉኛል። ብዙ ቀን ከሰው አፍ የምሰማው ንግግር ይኸው ብቻ ነበር።

አለቃዬ ይህን ሰማ። «ማሽኑ ሰውየውን ከጠየቀ፣ ሰውየውም አንቺን ከጠየቀ፣ ታዲያ ምኑ ቀለለን? ጥያቄው ይውጣ» አለኝ። ለጥንቃቄ ነው ብዬ ተከራከርኩ። በጥሞና ካዳመጠኝ በኋላ «ለመሆኑ አንድም ቀን አይሆንም፣ አይቀጥል ብለሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። ብዬ አላውቅማ።

በዚያ ሳምንት ራሴን ሸንጎ ላይ አቆምኩ። እዚህ ምድር ቤት ተቀምጬ እዚያ ያለውን ማሽን አላየውም። ጋሼ ቆይ ይጠይቁኛል፤ እኔ ሳላይ አዎ እላለሁ፤ እሳቸውም እኔን አምነው አዎ ብለው ይጽፋሉ። ያላየ ላላወቀ መሰከረ ማለት ነው። እንግዲያው ያ ጥያቄ የበሽተኞቹን መዝገብ አይጠብቅም ነበር፤ የሚጠብቀው እኔን ነበር፤ በቀን አንድ ጊዜ እንኳ ስሜ እንዲጠራ። የእኔን የሰው ርሃብ ማስታገሻ በበሽተኞች መዝገብ ላይ መትከል ኅሊናዬ አልቀበል አለኝ። ቢከብደኝም ጥያቄውን አወጣሁት።

ቦታውን ግን ባዶ አልተውኩትም። የእርስዎን ቃል ደግሜ አሰብኩትና፣ ለካ ስጠይቅ የኖርኩት ሌላ ሰው ነው። የሚጠየቀውማ ዲስኩ ራሱ ነው። ስለዚህ ስክሪፕቱ ከመጥረጉ በፊት ዲስኩን ከፍቶ በውስጡ የተቀመጠ ነገር መኖሩን እንዲመረምር አደረግኩ። ባዶ ከሆነ ማንንም ሳያስቸግር ይቀጥላል፤ አንዳች ነገር ካለበት ግን ምንም ሳይነካ ይቆማል። አለቃዬ «ደግሞ ሌላ ጥያቄ አመጣሽብን?» ብሎ ተነፈሰ። «ይህኛው ሰው አያስቸግርም» ስለው ተወኝ።

እውነትም ሰው አላስቸገረም። አንዱ ጤና ጣቢያ ከሌላው እየተከተለ የመጀመሪያው ዙር ሥራ ወደ ማለቁ ደረሰ። አለቃዬ በስብሰባ ላይ ተነሥቶ «ይህ ሁሉ ሲሠራ አንድም ስልክ አልተደወለም!» ብሎ አሞገሰኝ፤ ሰዎቹም አጨበጨቡልኝ። እጅ ነሥቼ ወደ ምድር ቤቴ ወረድኩ። ደረጃው ላይ ቆሜ ስልኬን አወጣሁና አየሁት። አለቃዬ አልዋሸም፤ አንድም አልተደወለም።

ከዚያ ዙር የቀረው የጋሼ ቆይ ጤና ጣቢያ ነበር። እዚያ አሮጌው ማሽን የበሽተኞቹን መዝገብ እንደያዘ ይሠራል፤ አዲሱ ማሽን ተሰናድቶ ሲያልቅ መዝገቡ ወደ እሱ ይዛወራል። የቅርብ ወራቱ መዝገብ ከአሮጌው ማሽን በቀር የትም ቅጂ አልነበረውም። ስክሪፕቱ አዲሱን ማሽን የሚለየው በተሰካበት ገመድ ስለሆነ «አዲሱን ታችኛው መደርደሪያ ላይ አድርገው ከታችኛው ገመድ ጋር ያገናኙት» ብዬ አስቀድሜ ነግሬያቸው ነበር። ከዚህ ሆኜ አስጀመርኩት። ተጠናቋል፣ ተጠናቋል እያለ ሄደና ድንገት ቆመ። «ዲስኩ ባዶ አይደለም። አልነካም» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ሹራቤን ለብሼ ብርድ ብርድ አለኝ።

በዚህ ጊዜ የደወልኩት እኔ ነኝ። «ቆይ ልጄ፣ ልየው» ብለው ሄዱና ሲመለሱ ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር። «እዚህ ጽዳቶቹ ጠዋት ጠዋት ወለሉን በውኃ ያጥቡታል። ደግሞም አዲስ ዕቃ ታች አይቀመጥም፤ ነውር ነው ብዬ አዲሱን ላይ አወጣሁት፤ አሮጌውን ዝቅ አደረግኩት። ገመዶቹን ግን አንቺ ባልሽው ቦታ ነው የተውኳቸው» አሉኝ። በታችኛው ገመድ ላይ የነበረው አሮጌው ማሽን ነው፤ የስንቱ ሰው ሕመም፣ የስንቱ ሕፃን ክትባት የተጻፈበት። ቀጥለውም «ያ የድሮው ጥያቄሽ ቢመጣብኝ ኖሮስ?» አሉ። «ለእኔ ይደውሉልኝ ነበር» አልኳቸው። «አንቺስ ምን ትዪኝ ነበር?» «ይቀጥል እልዎት ነበር።»

ገመዶቹን አቀያይረው ሥራው በሰላም ካለቀ በኋላ ስልኩን ልዘጋ ስል «ቆይ፣ እኔ የምልሽ፣ እስከ ዛሬ ድምፅሽን ያጠፋሽው አሞሽ ነው?» አሉኝ። ችግር ስላልነበረ ነው አልኳቸው። «ነገር ካልተበላሸ አይደወልም እንዴ? ምን ዓይነት ሰው ነሽ አንቺ!» ብለው ገሠጹኝ። አባባ፣ በመገሠጼ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ ማሽኖቹ መሐል ቁጭ ብዬ ትንሽ አለቀስኩ፤ ከዚያም ስለ እርስዎ በር ማሰብ ጀመርኩ።

እኔና እርስዎ እኮ እንደዚሁ ሆነናል። እርስዎ «የሩቅ ስልክ ሲጮህ ሰው ይደነግጣል» ብለው አይደውሉልኝም፤ እኔም የተበላሸ ነገር የለም ብዬ አልደውልም። በመደወል ፈንታ እርስዎ በሩን ሳይቀረቅሩ ይተኛሉ፤ እኔ ደግሞ ከስክሪን ጋር አወራለሁ። እትዬ እንደምትለው አሁንም ማታ ማታ «ሁሉም ገብቷል ወይ?» ይላሉ፤ ወንድሜም «ገብቷል» ይልዎታል። እርስዎ ግን መልሱ ልክ እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ አንዷ አልገባችም። ልክ ባልሆነ መልስ በር የሚቀረቅር ሰው አይደሉም። ይህንን ጠባይዎን ስለወረስኩ በእሱ አልፈርድብዎትም።

የምፈርደው በበሩ ላይ ነው። ያልተቀረቀረ በር እኔን የሚጠብቅ ይመስልዎታል። ነገር ግን ማንንም የማይጠይቅ በር ለእኔም፣ ለሌባም፣ ለፍየሏም እኩል ነው። ስለዚህ የሚለወጠው መልሱ ይሁን። ይህ ደብዳቤ ከደረሰበት ማታ ጀምሮ ወንድሜ እውነቱን ይመልስልዎ፤ «አንዷ ቀርታለች፤ ስትመጣ ታንኳኳለች» ይበል። እርስዎም በሩን ይቀርቅሩት። እኔ ደግሞ እሑድ እሑድ በሩን በሚዘጉበት ሰዓት እደውላለሁ፤ ምንም ነገር ሳይበላሽ። ሲደወል እንዳይደነግጡ አስቀድሜ አሳውቄያለሁ። የምመጣበትን ቀን ግን አሁን አልነግርዎትም። ያላወቅኩትን ነገር ተናግሬ ልብዎን ላሞቀው አልፈልግም፤ በሚቀጥለው ዙር ገና ያልተነኩ ጤና ጣቢያዎች አሉ።

እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ይህን ደብዳቤ መነጽሯን አድርጋ ራሷ ታንብበው፤ እንዳይሰበር ብላ መደበቋ ይብቃ። ለእትዬ ፍርዱ መሰጠቱን ይንገሩልኝ፤ ይግባኝ የለውም። ለወንድሜ አፉን መያዝ እንዲተውና መልሱን በወጉ እንዲያጠና ይንገሩልኝ። ልብስ ሰፊውን ጎመናቸውን በባልዲ ያጠጡት ዘንድ በአክብሮት እመክራቸዋለሁ። መጋረጃው እስኪጠገን ድረስ ፍየሏን ሰላም አልላትም።

እርስዎን ደግሞ ጉልበትዎን ስሜ እለምንዎታለሁ። የመጣሁ ቀን ደጃፉ ላይ ዕቃዬን ላስቀምጥና በሩን ገፋ ሳደርገው እምቢ ይበለኝ። በእጄ ላንኳኳ። ከውስጥ «ማነው?» ሲሉኝ ልስማ።

ልጅዎ፣ ዳኛዬ የሚሉኝ

ከአንድ አልጋና ከአንድ ጠረጴዛ ክፍሌ
እሑድ፣ የካቲት ፲፱ ቀን